የብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጨረሻ መስከረም

 

መስከረም ለሒሳብ ሠራተኛ ከባድ ወር ነው። አንዷ ለደብተርና ለዩኒፎርም፣ ሌላዋ ለበግና ለቅቤ፣ ሌላዋ ደግሞ ለተዝካር ከቁጠባዋ ለማውጣት ትመጣለች። ማሽላው ገና አልታጨደም፣ ማሾውም ገበያ አልወጣም፤ ወጪው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ትዳር፣ ስለ ድግስና ስለ ልጆች ትምህርት ብዙ የጻፉትን፣ የራሳቸው ሕይወት ግን በመስከረም ወር በሰው አገር ያለፈውን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ታሪክ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ኅሩይ የተወለዱት በመርሐ ቤቴ ነው። መርሐ ቤቴ ከእኛ ከቀወት ደጋውን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ የሚገኝ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ አገር ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው አደጉ፤ በእንጦጦ ራጉኤልም ቆዩ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር አውሮፓን አዩ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ሥራ ከፍ እያሉ ሄደው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱም ያዩትን በመጽሐፍ አሳተሙ።

ቀን የመንግሥት ሥራ ይዘው እንኳ ብዕራቸው አላረፈችም፤ በሕይወት ዘመናቸው ከ20 በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል። ብዙዎቹ የቤትና የቤተሰብ ጉዳይ የያዙ ናቸው። የልብ አሳብ የተባለው ልብ ወለድ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ይተርካል፤ ልጃገረዶችን ያለ ዕድሜያቸው መዳር የሚያመጣውን ጉዳትም ያሳያል። ይህን የጻፉት በ1923 ዓ.ም. መሆኑን ልብ በሉ። ዛሬም በየቀበሌው የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው ሐዲስ ዓለም ደግሞ በፓሪስ ተምሮ የተመለሰ አወቀ የሚባል ወጣት አለ። አወቀ አባቱ ሲሞት ስለ ተዝካሩ ድግስ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ለሞተ ሰው ተብሎ የቆመውን ቤት ማራቆት ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ኅሩይ በአደባባይ ያነሡት ያኔ ነው።

ምክራቸው ለሌላ ሰው ብቻ አልነበረም። ልጆቻቸውን ሩቅ አገር ልከው አስተምረዋል። ፈቃደ ሥላሴ በካምብሪጅ፣ ሲራክ በኦክስፎርድ ተማሩ። ከቀደሙት መጻሕፍታቸው አንዱ፣ በ1910 ዓ.ም. የታተመው፣ ስሙ ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ነው። የስሙ ትርጉም ግልጽ ነው፤ አባት ለልጁ ምክር ይተዋል፣ ያ ምክር አባት ካለፈ በኋላ መታሰቢያ ይሆነዋል። የተፈጥሮም ወጉ ይኸው ነው፤ አባት ይቀድማል፣ ልጅ ይቀብራል።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። መጨረሻቸው በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ሆነ። ፈቃደ ሥላሴ አገሩ ቀርቶ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፈ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሉት። ለልጁ ምክር የጻፈው አባት በሕይወት ሳለ ልጁ ቀደመው፤ አባት ልጁን ለመቅበር፣ ለቅሶ ለመቀመጥም በአገሩ አልነበረም።

የስደት ኑሮ ስሙ የቤተ መንግሥት ቢሆንም ቤቱ ችግር ነበረበት። ገንዘቡ እያለቀ ሄደ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የብር ዕቃ ሳይቀር በጨረታ ተሸጠ። ብርዱና እርጥበቱ ለጤናቸው ስላልተስማማቸው እቴጌ መነን ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በእኛ አገር አደይ አበባ በሚፈነዳበት፣ ሜዳው ቢጫ በሚለብስበት ጊዜ፣ እዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ይጀምራል። እኛ ክረምት ወጣ ስንል እነሱ ገና ብርዱን ሊቀበሉ ነው። ከዘመድ ርቆ በዓልን መዋል ምን እንደሚመስል ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉባቸው እናቶቻችን ያውቁታል።

ኅሩይ በዚያው ቤት መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕንቁጣጣሽ ካለፈ ስምንት ቀን፣ ለመስቀል ስምንት ቀን ሲቀር ማለት ነው። የተቀበሩትም በባዝ ከተማ ነበር። በቀብራቸው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ንግግር አደረጉ። አገር ነጻ ከወጣ በኋላ አጽማቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በሒሳብ ዓይን አየዋለሁ። ኅሩይ ካወጡት ሁሉ ለዘመን የተረፈው የትኛው ነው? መጻሕፍታቸው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ለልጅ ትምህርት ያወጡትም ፍሬ አፍርቷል። የተረፈው ልጃቸው ሲራክ የእንግሊዙን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መልሶ የአባቱን ብዕር አስቀጥሏል። የፈቃደ ሥላሴም ትምህርት በጥይት የጠፋ አይምሰላችሁ፤ የተማረ ሰው ለአገሩ ሲቆም ያየ ትውልድ ይህን አልረሳም።

ይህን የምጽፈው በግ አትረዱ፣ ሙታንን አታስቡ ለማለት አይደለም። በዓል የቤት ደስታ ነው፤ የዘመድና የጎረቤት መገናኛም ነው፤ መታሰቢያም ወግ ነው። ግን ከቁጠባችን ከማውጣታችን በፊት በወረቀት ላይ ሦስት መስመር እንጻፍ፤ ለልጅ ትምህርት፣ ለቤት ቀለብ፣ ለድግስ። መጀመሪያ የላይኞቹን ሁለቱን እንሙላ፤ ድግሱን ከተረፈው እናድርግ። ለብድር የሚያደርሰን ድግስ ከሆነ ግን ይቅርብን። በጉን ሁለትና ሦስት ቤት ሆነን ብንቃረጠው፣ ጠላውንም አብረን ብንጠምቀው በዓሉ አይጎድልም።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንልን።