ከጨለቆት እስከ ዊንድዘር፤ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሕይወት

ከመቀሌ ከተማ በስተ ደቡብ የምትገኘው ጨለቆት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ባሠሯት የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ትታወቃለች። በ1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ የተቀበሩት በዚህች ስፍራ ነው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ያረፈው በእንግሊዝ አገር በዊንድዘር ነው። በሁለቱ ቀብሮች መካከል ያለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ተኩል፣ ስለ ሕፃናት እድገትና ስለ ቤተሰብ ደኅንነት የሚያጠና ሁሉ ሊመረምራቸው የሚገቡ ናቸው።

ዓለማየሁ የተወለደው በ1853 ዓ.ም. ነው። እናቱ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ ሕፃኑ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር እናትና ልጅን ይዞ በትግራይ በኩል ወደ ባሕር ሲመለስ፣ ታመው የነበሩት እቴጌ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ። ስለዚህም ሕፃኑ ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣው በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ አሳዳጊው ሻምበል ስፒዲ ሆነ። ይህ ሰው ቀደም ሲል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ ባሻ ፈለቀ እየተባለ የሚጠራ ነበር። ብላቴናው ከእርሱ መለየትን ይፈራ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀብለው አነጋገሩት፤ ወደዱትም። ስፒዲ ሚስት ካገባ በኋላ ሦስቱም ወደ ሕንድ ሄደው አብረው ኖሩ። በዚህም አኳኋን ልጁ ሁለተኛ ቤተሰብ አገኘ ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የአስተዳደጉን ወጪ የሚከፍለው የእንግሊዝ መንግሥት፣ ልጁ በእንግሊዝ አገር በትምህርት ቤት ማደግ አለበት ብሎ ወሰነ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ እንዳይለይ ቢፈልጉም ውሳኔው ጸና። ዓለማየሁ ወደ ቼልተንሃም ተላከ፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ወደ ራግቢ፣ በ1878 ደግሞ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ደስታ አላገኘም። በመጨረሻ በሊድስ ከተማ በቀድሞ አስተማሪው ቤት ሳለ በሳንባ በሽታ ታሞ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ።

ምግብ፣ ልብስና ትምህርት አልጎደለበትም፤ የንግሥት ሞገስም ነበረው። የጎደለው አብሮት የሚዘልቅ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሕፃን ከእናቱ ወይም በእናት ምትክ ከሚያሳድገው ሰው ጋር ያልተቋረጠ የፍቅር ግንኙነት እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች አባትን፣ አያትንና ዘመድን ጨምረው ሐሳቡን አሰፉት። ለዓለማየሁ ግን ይህ ዕውቀት አልደረሰለትም፤ ባለሥልጣኖቹ የመዘኑት ወጪንና ትምህርትን ነበርና።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 አጽሙ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው ስፍራ ያረፉትን የሌሎች ሰዎች አጽም ማወክ ይሆናል በማለት እንደማይፈቅድ ገልጿል። እናትና ልጅ እስከ ዛሬ እንደ ተለያዩ ናቸው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ብዙ ተፈናቃይ ቤተሰቦች በመቀሌ ትምህርት ቤቶች ተጠልለዋል። የእነዚህን ቤተሰቦች ልጆች ሁኔታ የሚያጠና ተማሪ ቁመትንና ክብደትን ይለካል፤ የትምህርትንም ደረጃ ይመዘግባል። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን፣ ሕፃኑ ሌሊት ሲደነግጥ ማንን እንደሚጠራ፣ የሚጠራውም ሰው ነገ አብሮት ይኖር እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ስለ ዓለማየሁ ይህን ጥያቄ ያነሡ ጥቂቶች ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በሌሎች እጅ ነበር።