መምህሩና የክፍላቸው ሙቀት
የዋረን ጆንሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ተወልደን ላደግን ለእኛ ቤት ማሞቅ ማለት ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተሰብስቦ ቡና መጠጣት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ማሞቂያ አያስፈልገንም። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ ቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ ፈልሳፊ ለመጻፍ መነሣታችን አንባቢዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን በጥር ወር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በደረሰበት ሰሞን፣ አዲስ ቴርሞስታት ከሱቅ ገዝቶ በገዛ እጁ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ሲነጋ ቤቱ በረዶ ሆኖ ልጆቹ ካፖርት ለብሰው ቁርስ በሉ። አባታችንም ይህን ሲሰሙ ስልኩን አቀበሉን፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማራችሁት ለመቼ ነው ማለታቸው ነበር። እኛም አፍረን ወደ ፊዚክስ መምህራችንና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድን። መልሱን ከማግኘታችን በፊት ግን አንድ ሰው አገኘን፤ ይኸውም እንደ እኛ መምህራን ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የኖረ ዋረን ሲሞር ጆንሰን የሚባል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ጆንሰን በ1847 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቬርሞንት ግዛት፣ ሌስተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ዘመነ መሳፍንት ገና አላለፈም ነበር። ያደገው በዊስኮንሲን ነው፤ ይህም ወንድማችን ከሚኖርበት ከሚኒሶታ ጋር የሚዋሰንና እንደ እርሱም ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። አብዛኛውን ዕውቀቱን ያገኘው ራሱን በራሱ በማስተማር ነው። በማተሚያ ቤት ሠራ፤ መሬት ለካ፤ አስተማረ፤ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪም ሆነ። በ1876 ዓ.ም. በኋይትዋተር ከተማ በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። እስከዚህ ድረስ እርሱ እያልን መጥተናል፤ የመምህራን መምህር ከሆኑ ወዲህ ግን እርሳቸው ማለት ይገባናል።

መምህር ጆንሰን መጽሐፍ ከማስሸምደድ ይልቅ ተማሪው ነገሩን በዓይኑ እንዲያይና እንዲጠይቅ ይወዱ ነበር። የሚያስቸግራቸው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ክፍሎቹ የሚሞቁት በምድር ቤት በሚነድ እሳት ስለ ነበረ፣ እሳቱን የሚጠብቀው ሠራተኛ በየሰዓቱ ወደየክፍሉ እየገባ ሙቀቱን ያይ ነበር። አይቶም ወደ ምድር ቤት ይወርድና የአየሩን መክፈቻ ይከፍታል፣ ወይም ይዘጋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትምህርቱ ይቋረጣል፤ የተማሪው ሁሉ ዓይን ወደ በሩ ይዞራል። እኛ ይህን ስናነብ ሳቅን፤ የስም መቆጣጠሪያ የያዘ ሰው ሲገባ የሒሳብ ትምህርታችን እንዴት እንደሚበተን እናውቃለንና።

ሌላ መምህር ቢሆን ሠራተኛውን ተቆጥቶ ዝም ይል ነበር። ጆንሰን ግን ሠራተኛው ሳይገባ የክፍሉን ሙቀት የሚያውቅበትን ብልሃት ፈለጉ። ሁሉም ብረታ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ነገር ግን እኩል አይለጠጥም። ለምሳሌ ናስ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ ሁለቱ በቀጭኑ ተጠፍጥፈውና ተጣብቀው አንድ ሰቅ ቢሆኑ፣ ሲሞቁ ሰቁ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል፤ ሲበርዱም ይመለሳል። ጆንሰን እንዲህ ያለውን ሰቅ ጠቅልለው ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አገናኙት። ክፍሉ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ሰቁ ሽቦውን ይነካና በምድር ቤት ባለው በሠራተኛው ዘንድ ደወል ይደወላል። ለዚህም ሥራ በ1883 ዓ.ም. በጁላይ ወር የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ዛሬ ዓለም ሁሉ ቴርሞስታት ከሚላቸው መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት መካከል ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ደወሉ ወሬ ነጋሪ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ቢያንቀላፋ ክፍሉ ይቃጠላል ወይም ይበርዳል። መሣሪያው ራሱ እንዲያዝ ለማድረግ ገንዘብና ጊዜ ያስፈልግ ነበር። ገንዘቡን ዊልያም ፕላንኪንተን የተባለ የሚልዋኪ ከተማ ባለጸጋ አቀረበ፤ ጊዜውን ለማግኘት ግን ጆንሰን ማስተማሩን መተው ነበረባቸው። የወር ደመወዝ ያለው ሰው በአንድ ደወል ተማምኖ ከሥራው ሲወጣ ዘመዶቹ ምን እንደሚሉት በእኛም አገር የታወቀ ነው። እርሳቸው ግን ወጡ፤ በ1885 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራ ኩባንያ በሚልዋኪ ተቋቋመ።

በዚህ ጊዜ የገጠማቸው ችግር ለወንድማችን ጉዳይ ቁልፉን የሰጠን ነው። በግድግዳ ላይ ያለው ሰቅ ደካማ ነው፤ ጥፍር በምታህል ኃይል ነው የሚንቀሳቀሰው። የእንፋሎቱ ቫልቭ ግን ከባድ ነው። ደካማው ብርቱውን እንዴት ይዘዘው? ጆንሰን በቀጫጭን ቧንቧ የታመቀ አየር አሳለፉ፤ ሰቁ የሚገዛው ያችን ትንሽ የአየር ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ አየሩ ደግሞ ሄዶ ቫልቩን ይገፋል። በ1895 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል በፊት በነበረው ዓመት ማለት ነው፣ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ሙቀቱን የሚያስጠብቅበትን ሥራ በመብት አስመዘገቡ። አዛዡ መሣሪያ የሚታዘዘውን መሣሪያ ጠባይ ተከትሎ መሠራት እንዳለበት ከእርሳቸው ይበልጥ የገባው ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለ ቀረው ሥራቸው ባጭሩ እንናገር። ከ50 የሚበልጡ የፈጠራ መብቶች ነበሯቸው። በታመቀ አየር የሚሠሩ የማማ ሰዓቶችን ሠርተዋል፤ በፊላደልፊያ ማዘጋጃ ቤት ማማ ላይ ያለው፣ ፊቱ 8 ሜትር የሚያህለው ሰዓት የእርሳቸው ነው። በ1904 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ኩባንያቸው በአበባ የተሸፈነ፣ ከዳር እስከ ዳር 34 ሜትር የሆነ ሰዓት አሳየ። በእንፋሎት የሚሄዱ መኪናዎችም ሠርተዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ መበተን አልበጃቸውም ብለን እናስባለን። በ1911 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በ64 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ኩባንያቸው ሰዓቱንና መኪናውን ትቶ ወደ መጀመሪያው ወደ ሙቀት ሥራ ተመለሰ። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ጆንሰን ኮንትሮልስ ይባላል።

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ። የእርሱ ቤት በሁለት ኃይል የሚሞቅ ነው። አንደኛው ሂት ፓምፕ ይባላል፤ ከውጭው አየር ሙቀት እየቀዳ ወደ ውስጥ የሚያስገባ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ በፊዚክስ ትምህርታችን ስሙን የምናውቀው ኬልቪን በ1852 ዓ.ም. አስቀድሞ አመልክቶታል። ብርዱ ሲጠና ግን ከውጭ የሚቀዳው ሙቀት እያነሰ ስለሚሄድ ሁለተኛው፣ የጋዝ ምድጃው፣ ይተካዋል። ወንድማችን የገዛው ቴርሞስታት አንድ ማሞቂያ ብቻ እንዲያዝ የተሠራ ነበር። የምድጃው ሽቦ የሚገባበት ቦታ ስላጣ ሳይገናኝ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ፓምፑም በዚያ ብርድ ብቻውን ሲታገል አደረ። ሁለቱን በአንድነት ቢያስነሣቸው ኖሮ ደግሞ የባሰ ነበር፤ በብዙ ቤት የምድጃው ትኩስ አየር በፓምፑ ጥቅል ቧንቧ ላይ ስለሚያልፍ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምርና ፓምፑ ራሱን ያጠፋል።

ስለዚህ ከሱቅ ሲገዛ ዋጋውንና መልኩን ሳይሆን ሁለቱን ማሞቂያዎች እያፈራረቀ ማዘዝ መቻሉን መጠየቅ ነበረበት። የውጭውን ብርድ የሚያውቅበት መለኪያም ያስፈልገዋል፤ አለዚያ መቼ እንደሚያፈራርቅ በምን ያውቃል? ሌላም አለ። ፓምፑን ከማቀዝቀዝ ወደ ማሞቅ የሚያዞረውን ቫልቭ አንዳንዱ ፋብሪካ በማቀዝቀዝ ጊዜ፣ አንዳንዱ በማሞቅ ጊዜ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ አድርጎ ይሠራዋል፤ ይህ ከተሳሳተ ማሞቂያው በብርድ ጊዜ ያቀዘቅዛል። ከገዛ ፋብሪካው ቴርሞስታት በቀር የሌላውን የማይሰማ ማሞቂያም ስላለ፣ አሮጌው ሳይነቀል ሽቦዎቹን ፎቶግራፍ ማንሣትና የማሞቂያዎቹን መመሪያ ማንበብ ይገባል። ይህን ሁሉ ጽፈን ላክንለት። እርሱም ባለሙያ ጠርቶ የሚስማማውን አስገባ፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲሆን ፓምፑ ለምድጃው እንዲለቅ ተደረገ። አባታችንም ምንም አልተናገሩም፤ ስልኩን ግን ለእኛ ማቀበል አብዝተዋል።

ለእኛ ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። በእኛ አገር የቡና ለቀማ ሲጀመር ዝናቡ ገና አያባራምና አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ሳይደርቅ ይሰነብታል። ስለዚህ በእሳት የሚሠራ ማድረቂያ የሚጠቀሙ አሉ። የታጠበ ቡና ፍሬው ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ አይመከርም። ባለፈው ዓመት በአንድ ማድረቂያ ዘንድ የሌሊቱ ጠባቂ እንቅልፍ ጥሎት እሳቱ አለልክ ነደደ፤ ቡናው ዋጋው ወደቀ፤ የእኛም ቤት ድርሻ በውስጡ ነበር።

እኛና ሁለት ጓደኞቻችን ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ሆነን የናስና የብረት ሰቅ አጣብቀን ከባትሪና ከደወል ጋር አገናኝተናል። አንድ ቀን በ38 ዲግሪ ይደውላል፤ ሌላ ቀን 43 ካለፈ በኋላ ነው። እስኪስተካከል ድረስ በዚህ ለቀማ በየግማሽ ሰዓቱ ቴርሞሜትር ይዘን እየተነሣን እኛው ራሳችን እናያለን፤ እንደዚያ እንደ ኋይትዋተሩ ሠራተኛ።