ሳትቆም የጨረሰችው የናፍጣ መኪና

የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ሁላችንም የምንጠራው ሩዶልፍ ዲዝልን ነው። እኔ ግን ያደግሁት ጃጁራ ነው። እህል የጫነ አይሱዙ ቁልቁለት ወርዶ ሲቆም ፍሬኑ እንዴት እንደሚሸት አውቃለሁ። ስለዚህ የማነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ክሌሲ ከሚንስ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሚንስ በ1888 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ተወለደ። ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል በላይ አልገፋም። ኤርዊን ለሚባል የባንክ ባለቤት ሹፌር ሆኖ ሠራ፤ በ1919 በዚሁ ሰው ገንዘብ የሞተር ፋብሪካ ከፈተ። ችግሩ ገበያ ነበር። ናፍጣ መኪና ያንቀሳቅሳል ብሎ የሚያምነው ጠፋ፤ በዚያ ላይ በ1929 የኢኮኖሚው ድቀት መጣ።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንዱን ሞተር አሮጌ ፓካርድ ላይ ገጠመና ኤርዊንን አሳፍሮ አዞረው። ቀጥሎ ዓይኑን 800 ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው የኢንዲያናፖሊስ ውድድር ላይ ጣለ። በፍጥነት ቤንዚኖቹን እንደማይችል ያውቃል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አምቆ ያግለውና ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ከባድ ነው፣ ነዳጅ ግን ይቆጥባል። እናም የዲዛይኑ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ አለመቆም። በዱዘንበርግ ሻሲ ላይ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሩን ጫነ፤ በ1931 ዴቭ ኢቫንስ ነዳት። ሌሎቹ ነዳጅ፣ ጎማ ሲሉ እሷ በሰዓት በአማካይ 138 ኪሎ ሜትር እየሄደች አንዴም ሳትቆም ጨረሰች። 13ኛ ወጣች። ከዚያ በፊት ያንን ውድድር ሳይቆም የጨረሰ መኪና አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን በዚያው ዓመት የሆነው ነው። ከሚንስ አገር በሚያቋርጥ የጭነት መኪና ጉዞ ላይ ሳለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው ቁልቁለት ፍሬን እምቢ አለ። ከፊታቸው ባቡር መንገዱን እያቋረጠ ነበር፤ የመጨረሻው ፉርጎ አለፈና ለጥቂት ተረፉ። ነገሩ ከልቡ አልወጣም። በ1955 ከኩባንያው ከወጣ በኋላ መፍትሔውን ሠራ። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ጫፍ ሊደርስ ሲል የጭስ ቫልቩን መክፈት ነው። የታመቀው አየር ያመልጣል፣ ፒስተኑን መልሶ የሚገፋ ኃይል አይኖርም፤ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። በ1961 ጃኮብስ የተባለ ኩባንያ አምርቶ ገበያ ላይ አዋለው። ከሚንስ በ1968 አረፈ።

ለእኔ ይህቺ ቫልቭ ከውድድሩ ትበልጥብኛለች። በነገራችን ላይ፣ በእኛ አይሱዙዎች ላይ ያለው የሞተር ፍሬን የጭስ ማውጫውን የሚከድን፣ ከዚህ ደከም ያለ ዓይነት ነው።