ሕገ መንግሥት ያረቀቁት የሰያ ደብር ሰው

መሐል ሜዳ ላይ ስለ ሥልጣን ክፍፍል ወሬ ሲነሳ በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያምን የሚያስታውስ ብዙ የለም። ግን የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው፤ በ1876 ዓ.ም. ሰያ ደብር ተወለዱ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጨርጨር ነው። በ1910ዎቹ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮ) ቆረቆሩ፤ ግዛቱም የአስተዳደር ሞዴል ተባለ። ያኔ ገዥ ማለት ግብር ሰብሳቢም፣ ዳኛም፣ የጦር አዛዥም ነው። ደህና ሰው ከደረሰህ ደረሰህ፤ ካልደረሰህ አለቀልህ!

በ1923 የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ እያዩ አረቀቁ። ሁለት ምክር ቤት መጣ። ግን የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት ንጉሡ፣ የሕግ መምሪያውን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ናቸው። ሕዝቡ ገና አልደረሰም ተባለ። ያ የጨርጨሩ ዕድል ቁማር እንግዲህ አገር አቀፍ ሆነ ማለት ነው። አርቃቂውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ያዘዙት ንጉሡ፣ ያጸደቁትም ንጉሡ።

በ1928 ጄኔቭ ላይ ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። የንጉሡን ስደት ተቃወሙ፤ ንጉሡ ግን ሄዱ። እሳቸውም ተሰደው ማዳጋስካር ዓመታት ቆዩ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን አውርዶ፣ ፓርላማውን በትኖ፣ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ በጅሮንዱ በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1969 ነው።