ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፤ ክራርና ማሲንቆን በትምህርት ገበታ ያስቀመጡ የሙዚቃ ሊቅ

በአገራችን ሙዚቃ ክብርንና ንቀትን አንድ ላይ ተሸክሞ የኖረ ጥበብ ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው መሪጌታ ተብሎ በሊቃውንት መካከል ሲከበር፣ በሠርግ ቤትና በጠጅ ቤት ማሲንቆ እየመታ የሰውን ልብ የሚያስደስተው አዝማሪ ግን የሙያው ስም እንደ ስድብ ተቆጥሮበት ኖሯል። ልጃቸው ክራር ይዞ ሲገኝ የቤተ ሰቡን ስም አጠፋ ብለው የሚቆጡ ወላጆች ጥቂቶች አልነበሩም። ይህን አስተሳሰብ በቁጣ ሳይሆን በዕውቀት ለማረም ከተነሡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። እኒህ ሰው የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ መምህርና ተመራማሪ ነበሩ። በስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲነሣ ስማቸው አብሮ ሊነሣ ይገባል።

አሸናፊ ከበደ በሚያዝያ ወር 1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ዘመኑ ከተማይቱ በፋሺስት ኢጣልያ እጅ የነበረችበት የመከራ ዘመን ነበር። የሙዚቃን ፍቅር መጀመሪያ ያሳደሩባቸው እናታቸው እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ነገር ግን ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸውን በሞት አጡ። ከፍ ካሉም በኋላ በሐረር የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገብተው የአስተማሪነትን ሙያ ተማሩ። በኋላ ደራሲም ተመራማሪም ቢሆኑ፣ የሥራቸው ሁሉ መሠረት ይኸው አስተማሪነት ነበር።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ማለት በአብዛኛው የማርሽ ባንድ ማለት ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያው ንጉሠ ነገሥት የተላኩት የነሐስ መሣሪያዎች የሥራው መነሻ ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም አይተው ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ ሥራውን አስፋፉት። ከነጻነት በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጅተው ሕዝቡን ሲያስደስቱ ኖረዋል። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት የሙዚቃን ሕግና ታሪክ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ምሕንድስና በከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምሮ ይመረቃል የሚለው ሐሳብ ለብዙው ሰው እንግዳ ነበር።

ወጣቱ አሸናፊ ግን ይህንኑ መንገድ መረጡ። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው፣ በዓለም ላይ ስመ ጥር በሆነው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው ከተማሩ በኋላ በ1954 ዓ.ም. በባችለር ዲግሪ ተመረቁ። የአውሮፓን ታላላቅ ደራስያን ሥራ፣ የኖታን አጻጻፍና የኦርኬስትራን አመራር ቀስመው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በአዲስ አበባ የጠበቃቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በማቋቋምና በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት በመምራት ደከሙ። ስሙ ራሱ ትልቅ ትርጉም ነበረው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተው ሊቅ የትምህርት ቤቱ መጠሪያ ሲሆን፣ ሙዚቃ ከውጭ የመጣ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነና ኢትዮጵያም የራሷ ጥንታዊ የዜማ ሊቃውንት እንዳሏት ለተማሪውም ለወላጁም ይነግር ነበር። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስረዳል። ዜማን በጽሑፍ ማኖር ለዚህች አገር አዲስ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

አዲሱና አስቸጋሪው ነገር የዓለማዊውን ሙዚቃ በዚያው ክብር ማስተማር ነበር። ለምሳሌ ማሲንቆንና ቼሎን እንመልከት። ሁለቱ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሁለቱም ከፈረስ ጭራ በተሠራ ደጋን ሲታሹ ይዘምራሉ። ቼሎ አራት አውታር ሲኖረው ማሲንቆ ያለው አንድ ብቻ ነው። በአንዲቱ አውታር ላይ ግን አዝማሪው ሳቅንም ልቅሶንም ያሰማል። ዋናው ልዩነታቸው የቼሎው ትምህርት በኖታ ተጽፎ ከአገር ወደ አገር ሲዞር፣ የማሲንቆው ትምህርት ግን ከአባት ወደ ልጅ በጆሮና በጣት ብቻ የሚተላለፍ መሆኑ ነው። አንድ አዛውንት አዝማሪ ባረፉ ቁጥር አንድ ሙሉ ትምህርት አብሮ ይቀበር ነበር።

በኖታ መጻፉም የራሱ ችግር አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ሲሆኑ፣ ተጫዋቹ ክራሩን ሲቃኝ የድምፆቹን ርቀት የሚለካው በጆሮው ነው እንጂ በፒያኖ ቁልፍ አይደለም። ዘፋኙ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥና ሲያዞር የሚወጣውን ጌጥ ሁሉ በአምስቱ መስመር ላይ ማስፈርም አይቻልም። ስለዚህ የውጭውን ትምህርት እንዳለ ገልብጦ መጫን የአገሩን ሙዚቃ ያበላሻል፤ የአገሩን ብቻ ይዞ በሩን መዝጋት ደግሞ ተማሪውን ከዓለም ዕውቀት ያጎድለዋል። አሸናፊ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድን መረጡ። በያሬድ ትምህርት ቤት ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጋር ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት የትምህርት ዓይነት ሆነው መቆማቸው የዚህ አሳብ ፍሬ ነው።

በዚህ ድካም ብቻቸውን አልነበሩም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ግብጻዊው ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በ1955 ዓ.ም. ግድም የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን ሰብስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርተው ነበር። በኋላም አቶ ተስፋዬ ለማ ይህንኑ ቡድን ለብዙ ዓመታት መርተውታል። ዘመኑ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ራሱን በራሱ መጠየቅ የጀመረበት ዘመን ነበር።

አሸናፊ ለጥያቄው በድርሰትም መልስ ሰጥተዋል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ስለ እረኛው ዋሽንት ነፊ የደረሱት የኦርኬስትራ ሥራ ነው። በተራራ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከሸምበቆ ቆርጦ የሚነፋት ዋሽንት በአውሮፓ ታላቅ ኦርኬስትራ መካከል ቦታ አገኘች። ይህን ሥራ ይዘው በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ኦርኬስትራ በመሩ ጊዜ ሃንጋሪያውያን ከራሳቸው ታላቅ ደራሲ ከዞልታን ኮዳይ ጋር አነጻጸሯቸው። ንጽጽሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ኮዳይና ጓደኛው ባርቶክ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ሰብስበዋል፤ ኮዳይም ያንኑ ዘፈን የአገሩ ልጆች የሙዚቃ ትምህርት መሠረት እንዲሆን አድርጓል። በከተማ ሰው ዘንድ የተናቀው የገበሬ ዜማ የአገር መኩሪያ ሆነ። አሸናፊም ለኢትዮጵያ የተመኙት ይህንኑ ነበር።

የተማረ ሰው ሥራውን በማስረጃ ማጽናት አለበትና እንደ ገና ወደ አሜሪካ ሄደው በዌዝልያን ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ሙዚቃ የሚመረምረውን ትምህርት ተከታተሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እድገትና ባህላዊ አቋም በጻፉት ጥናት የዶክተርነትን ማዕረግ አገኙ። ከዚያም ጥናታቸው በዓለም የታወቁ የሙዚቃ መጽሔቶች ላይ ተከታትሎ ወጣ።

በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ ስለ አዝማሪ ነው። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ታዲያ መዘመር ክብር ከሆነ አዝማሪነት ለምን ውርደት ይሆናል? አዝማሪ ባለቅኔም ሙዚቀኛም ነው። በሰምና ወርቅ ባለ ሥልጣንን ይነቅፋል፣ ወሬ ያደርሳል፣ ጀግናን ያወድሳል። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኞችን በዜማ ያበረታቱ አዝማሪዎች በፋሺስቶች እጅ መገደላቸው፣ የዚህ ሰው ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ጠላት እንኳ እንዳወቀ ያሳያል።

ሁለት ዓመት ቆይተው ስለ ክራር ጻፉ። በገናና ክራር በአሠራራቸው የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ባለ ዐሥር አውታሩ በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ተብሎ በጾምና በጸሎት ሲደረደር፣ ታናሽ ወንድሙ ክራር የሰይጣን መሣሪያ የሚል ስም ወጥቶለት በጠጅ ቤት ቀረ። እንጨቱና ቆዳው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን ቅዱስ ሌላውን ርኩስ ያደረገው የሰው አስተያየት ነው። ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያን ክርስቲያኖችና የቤተ እስራኤልን ዜማ አነጻጽረው ያቀረቡት ጥናት በ1980 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ1982 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፋቸው ደግሞ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን የዘፈን፣ የመሣሪያና የጭፈራ ቅርስ ከሥሩ የሚመረምር ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ አሸናፊ በአሜሪካ ነበሩ። የቀረውንም ዕድሜያቸውን በአብዛኛው በዚያው አሳለፉ። በኒው ዮርክ በክዊንስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የአዲስ አበባ ልጆችን ለማስተማር የተዘጋጀው ዕውቀት ለባዕድ አገር ተማሪዎች ሲሰጥ ኖረ ማለት ነው። ይህ ለአገሪቱ ጉዳት መሆኑ አይካድም። ሆኖም በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ተማሪዎች ስለ ማሲንቆና ስለ ክራር ከአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር አፍ መስማታቸው የራሱ ጥቅም ነበረው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ስድሳ ዓመት በሞላቸው ሰሞን፣ በሚያዝያ መጨረሻ 1990 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዐረፉ። የመሠረቱት ትምህርት ቤት ግን መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይዘጋ ቆይቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሊገባ በቅቷል።

ዋና ዋና ጥናቶቻቸው የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ አዝማሪ የጻፉትን አዝማሪው ራሱ፣ ስለ ክራር የጻፉትንም ክራር መቺው በሚያውቀው ቋንቋ እንዲያነበው ማድረግ የተከታዮቻቸው ፈንታ ነው። ለእኒህ ሰው ከሐውልት ይልቅ የሚስማማቸው መታሰቢያ፣ ክራር የያዘ ልጅ በቤቱ ደጅ ሳያፍር ሲገባ ማየት ነው።