ቋንቋውን መልሶ ያገኘው ሂካ

አንዳንዶቻችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፍ ተቀስቅሳችሁ አማርኛ መማር እንደሚያሰለቻችሁ አውቃለሁ። እስቲ መጀመሪያ የዛሬውን ታሪክ አንብቡልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ሂካ ተባለ። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነበር። በኋላም ባሪያ ነጋዴዎች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ ደረሰ። እዚያም በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ነፃ አወጣውና በአቅራቢያው እምኩሉ ለሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው።

ልጆች፣ ነፃ ወጣ ማለት ቤቱ ገባ ማለት አይደለም። አገሩ በጣም ሩቅ ነው። ስለዚህ እዚያው ሆኖ ተማረ። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። አናሲሞስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ሲሆን ትርጉሙ ጠቃሚ ማለት ነው። ከዚያም ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ።

አሁን ትልቅ ሰው ሆነዋልና አንቱ እንበላቸው። አቶ አናሲሞስ የተማሩትንና ያመኑትን ለወገኖቻቸው ለማካፈል በ1881 ጉዞ ጀመሩ። በሱዳን በኩል ዞረው አሶሳ ድረስ ደረሱ፤ ግን ማለፍ አልቻሉም። በትኩሳት ታመው ወደ ኋላ ተመለሱ። ያንን ሁሉ መንገድ ሄዶ አገር ደጃፍ ላይ ሲደርሱ መመለስ እንዴት እንደሚያሳዝን አስቡት!

እምኩሉ ቁጭ ብለው ግን ዝም አላሉም። እኔ መሄድ ካልቻልኩ መጽሐፉ ይሂድ ያሉ ይመስል፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። እዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ። በልጅነታቸው ከአገራቸው ስለ ወጡ፣ ብዙ የኦሮምኛ ቃል ጎደላቸው። የራሳቸው ቋንቋ!

በ1886 አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ከባርነት ነፃ ወጥታ እምኩሉ መጣች። አስቴር ኦሮምኛዋ ጥሩ ነበር። ብዙ ቃላት ሰበሰበች። 500 የሚያህሉ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም ከምታስታውሰው ጻፈች። አቶ አናሲሞስ ብዙ የተማሩ ሰው ቢሆኑም ከእሷ ለመማር አላፈሩም። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ ወጣ። በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሂካ እንደ ስሙ ተርጓሚ ሆነ ማለት ነው።

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ አንድ ቁጥር ላስላላችሁ። ነፃ ከወጡበት ከ1870 ወለጋ እስከ ገቡበት እስከ 1904 ድረስ 34 ዓመት ነው። ነቀምቴ ገብተውም ሁሉ ነገር አልቀናቸውም። ተከሰው በአደባባይ እንዳይሰብኩ በተከለከሉባቸው ዓመታት በትምህርት ቤታቸው ልጆች ማስተማር ቀጠሉ። ፈቃድ ያገኙት በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በ1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ።

ባሪያ ፈንጋዮቹ ያደረጉት ክፉ ነገር ነው፤ ጥሩ ነበር ብዬ አላስተምራችሁም። አቶ አናሲሞስ ግን የማይፈልጉት ቦታ ሆነው በሚጠብቁበት ጊዜ በእምነታቸው ጸኑ፣ የሚሠራ ሥራም አገኙ። ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ ብቻ ልሥራ ቢሉ ኖሮ ያ መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ባልታተመ ነበር።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ለአያት ወይም ለአክስት ስልክ ደውላችሁ አንድ እንቆቅልሽ ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆች፣ ቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ጉራጊኛ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ይሁን፤ ትርጉሙን ልጁ በአማርኛ ይነግረናል። የማታውቁት ቃል ካጋጠማችሁ፣ ልጆች፣ እንደ አቶ አናሲሞስ ጠይቁ። ቅዳሜ እንገናኝ!