ኤሚል ቦዶና ተራ ጠባቂ ፊደሎቹ

የጣናን ምዕራባዊ ዳርቻ የተጓዘ ሰው ቁንዝላን ሳያውቃት አይቀርም። እኛም በቅርቡ ወደዚያች ከተማ ዘልቀን ከሐይቁ ዳር ስንቆም፥ አንዲት ጀልባ የጫነችውን እህል ስታራግፍ ደረስን። ከጀልባዪቱ ወደ ምድር የተጋደመው ሳንቃ አንድ ብቻ ነበርና ተሸካሚዎቹ ጎን ለጎን መሄድ አልቻሉም፤ የፊተኛው ወርዶ ካልተገለለ የኋለኛው አይረግጥም። ከዳር የቆመው ቆጣሪ ደግሞ በተራ የመጣለትን ጆንያ አምስት አምስት እያደረገ ይቈልል ነበር። አብሮን የነበረ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ይህን አይቶ ሲስቅ ምክንያቱን ጠየቅነው። ለካስ በሙያው ሲሪያል ፖርት የሚሉት፥ ማለት መሣሪያ ከመሣሪያ የሚነጋገርበት ወደብ፥ ሥራው ከዚህ ሳንቃ የተለየ አይደለም። ብዙ ሽቦ ጎን ለጎን ዘርግቶ ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመስደድ ይልቅ፥ ምልክቶቹን በአንዲት ሽቦ ላይ በተራ ያሳልፋል።

ይህን አሠራር ፈር ካስያዙት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ ነው። ቦዶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1845 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በኦት ማርን አውራጃ፥ ማኞ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከአንደኛ ደረጃ በቀር ሌላ መደበኛ ትምህርት አላገኘም። የዲግሪያችን ቀለም ገና ያልደረቀ እኛ፥ ይህን ስናነብ ጥቂት ማፈራችንን አንሸሽግም። በ1869 በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት በተለማማጅነት ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቈይ ግን ጤናው ይታወክ ጀመርና እስከ ዕለተ ሞቱ አልተመለሰለትም። አንድ ጊዜ ወር ያህል ከሥራው ቀርቶ ነበር።

በዚያ ዘመን መልእክት የሚተላለፈው በሞርስ ነጥብና ሰረዝ ወይም ሂዩዝ በሠራው አታሚ መሣሪያ ነበር። ሽቦውን ከከተማ ከተማ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ የተዘረጋው ሽቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ የሠራተኛው እጅ የቱን ያህል ቢፈጥን በኤሌክትሪክ ፊት ኤሊ ነውና። ቦዶን ያንገበገበው ይህ ብክነት ነበር። አለቆቹ ሐሳቡን ቢወዱለትም በገዛ ጊዜው እንዲሠራው ተዉለት። ታማሚው ቴሌግራፈኛ የመንግሥቱን ሥራ ሲጨርስ ወደ ራሱ እየተመለሰ፥ በ1874 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ለእያንዳንዱ ፊደል ርዝመታቸው እኩል የሆነ አምስት ምልክቶች ሰጠው፤ እያንዳንዱም ምልክት ከሁለት ዓይነት አንዱን ይሆናል፤ አምስት ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ 32 መልክ ይገኛል። ሠራተኛው በግራ እጁ ሁለት፥ በቀኝ እጁ ሦስት ቁልፎች ይዞ ፊደሉን ባንድ ጊዜ ይጫናል። አምስቱ ምልክቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው ሲጠብቁ፥ በአከፋፋዩ ቀለበት ላይ የሚዞር ብሩሽ አንድ በአንድ እየነካ ወደ ሽቦው ያሳልፋቸዋል። በወዲያኛው ጫፍ ሌላ ብሩሽ እኩል እየዞረ ይቀበልና ለአምስት ኤሌክትሮማግኔቶች ያድላል፤ አምስቱ ሲሞሉ ፊደሉ ይታተማል። ብሩሹ አንዱን ዙር ሳይጨርስ የሌሎቹንም ቁልፎች ስለሚያዳርስ፥ አራት ሠራተኞች በአንዲት ሽቦ ላይ ይሠራሉ። ቀጭ የሚለው ድምፅ ተራው መድረሱን ለሠራተኛው ይነግረዋል፤ እሱን የሳተ ፊደሉን አበላሸ ማለት ነው።

ዛሬ በብሩሹ ፈንታ የሚሠራው ከጥፍር የማይበልጥ ቺፕ ነው። ከፊደሉ በፊት መነሻ፥ ከፊደሉም በኋላ ማብቂያ ምልክት ይልካል። ሁለቱ ወገኖች በፍጥነት መስማማት አለባቸው፤ አንዱ በ9600 ሲልክ ሌላው በ4800 ቢቀበል የሚነበበው ዝባዝንኬ ነው። ሌላም ልወጣ አለ። አርኤስ 232 የተባለው ደንብ ቍጥር አንድን ከዜሮ በታች ከ3 እስከ 15 ቮልት፥ ዜሮን ደግሞ በዚያው መጠን ከዜሮ በላይ አድርጎ ያመለክታል፤ በመሣሪያው ሆድ ያለው ቺፕ ግን በ5 ወይም በ3.3 ቮልት የሚኖር ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው አስተርጓሚ ካልገባ ሊቃጠል ይችላል።

የቦዶ መሣሪያ በ1877 በፓሪስና በቦርዶ መካከል ሥራ ጀመረ፤ በ1878 በፓሪሱ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። እሱም በማዕርግ እያደገ ሄደ። በ1890 ትዳር ያዘ፤ ሙሽራዪቱ ግን በዚያው ዓመት ሞተችበት።

ለእኛ አገር የቦዶ ሒሳብ አንድ ይጐድለዋል። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደሎች በ32 መልክ ቢደለደሉ አንዱ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ እስከ ሳብዕ 231 ሲሆኑማ ነገሩ የባሰ ነው። ኋላ ኢንጂነር ተረፈ ራስ ወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሠርተዋል። ምልክቶቹ ወደ ስምንት ከፍ ሲሉ ደግሞ 256 መልክ ስለሚገኝ 231ዱ ሁሉ ገብተው ቦታ ይተርፋል።

ቦዶ ማርች 28 ቀን 1903፥ በ57 ዓመቱ ከፓሪስ አጠገብ ሶ በምትባለው ከተማ ዐረፈ። ከ23 ዓመት በኋላ የምልክት ፍጥነት መለኪያ ከስሙ ተቈርጦ ባውድ ተባለ፤ በሴኮንድ አንድ ምልክት ካለፈ አንድ ባውድ ነው። ተማሪው ይህን ሲነግረን ሰዓታችንን አይተን የቁንዝላውን ሳንቃ ለካነው። በደቂቃ ስድስት ጆንያ ያልፋል፤ አንድ ዐሥረኛ ባውድ መሆኑ ነው።